የጠጣሁት ውሃ ከየት መጣ?

መምህርቷ ምክር ቤት የገባችው ዝም ትላለች ተብሎ ነው። ይህን እኔ ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም፤ ያስመረጧት ሰዎች ራሳቸው ኋላ ላይ ጣታቸውን እየነከሱ ያወሩት ነው። ለወረዳዋ ወንበር ሴት ዕጩ ይፈለግ ነበር። «ከትምህርት ቤትና ከቤቷ ሌላ መንገድ አታውቅም፣ ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ስሟ በክፉ አይነሳም» ተባለና ተመለመለች። ከመልማዮቹ አንዳቸውም ግን ክፍሏ ገብተው ስታስተምር አላዩዋትም። ቢያዩ ኖሮ ሌላ ሴት ይፈልጉ ነበር።

ክፍሏ ውስጥ አንድ ልማድ ነበራት። የተጠየቀ ተማሪ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድባት አትቆጣም፣ አታሸማቅቀውም። «ቆይ» ትለዋለች እጇን አንስታ፤ «መጀመሪያ ጥያቄው ምን ነበር? እሱን ድገምልኝ።» ልጁ ጥያቄውን ሲደግመው፣ የመለሰው ሌላ ነገር እንደሆነ ለራሱ ይታወቀዋል። ክፍሉ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። ከዚያ ወይ በትክክል ይመልሳል፣ ወይ «አላውቀውም» ብሎ ይቀመጣል። አላውቀውም ላለ ልጅ ቅጣት የለም። ቅጣት ያለው ለቀባጠረ ነው።

ምክር ቤቱ ሌላ ዓለም ሆኖ ጠበቃት። ወንበሮቹ ከመለስለሳቸው የተነሳ እንቅልፍ ይጠራሉ። እያንዳንዱ አባል ፊት ለፊቱ ማይክሮፎን ተተክሎለታል፣ ቁልፍም አለው፤ የቁልፉ ነፍስ ግን ያለችው አፈ ጉባኤው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥያቄ ያለው አባል አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ በወረቀት ያስገባል፤ ጽሕፈት ቤቱም «ያስተካክልለታል»። እሷ «ለምን ቆመ?» ብላ የሰጠችው ጥያቄ «ይበልጥ ለማጠናከር ምን ታስቧል?» ሆኖ ይመለስላታል።

«ጥያቄዬን ጥርሱን አውልቀው ሰጡኝ» ትላለች ለባሏ በስልክ።

«አንቺም በድዱ ንከሺበታ» ይላታል ዳቦ ጋጋሪው።

ከጎኗ የሚቀመጡት ሽማግሌ ጠበቃ የውሃ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እሷም የኮሚቴው አባል ናት። ጋሼ ነው የምትላቸው። ስብሰባው ሲጀመር መነጽራቸውን አውልቀው ያጥፉታል፤ ድምፅ ሲሰጥ ብቻ ነቅተው እጃቸውን ያወጣሉ። አንድ ቀን ስትበሳጭ አይተዋት፣ «መምህርት፣ እዚህ ቤት ጥያቄ የሚጠየቀው እኮ እንዲመለስ አይደለም። ተጠየቀ እንዲባል ነው» ብለዋታል በለሆሳስ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያሉት ሊያጽናኗት ነው። እሷ ግን ያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

የነገሩ ሥር የላይኛው ሠፈር ነው። ላይኛው ሠፈር ባሏ የተወለደበት፣ አማቷ አሁንም የሚኖሩበት፣ ከወንዙ በላይ ዳገት ላይ የተንጠለጠለ መንደር ነው። ሴቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ውሃ የሚቀዱት ከታች ከወንዙ ነው። ባዶውን ጀሪካን ይዞ መውረዱ ቀላል ነው፤ መከራው መልስ ላይ ነው። የአማቷ ጉልበት ያለቀው በዚያ ዳገት ነው። እናም መንግሥት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ቧንቧ ዘርግቶ፣ ከመንደሩ መሃል ቦኖ ሲያሠራ፣ መምህርቷ የምክር ቤት አባል በመሆኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት።

ምርቃቱ ሞቅ ያለ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ካሜራ መጣ። የውሃ ሚኒስትሩ ጥብጣቡን ቆርጠው ቦኖውን ሲከፍቱት ውሃው ፏ ብሎ ወረደ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አማቷ ቧንቧውን እንደ ልጅ አቅፈው አለቀሱ። ሚኒስትሩ ብርጭቆ ሞሉና ወደ መምህርቷ ዘወር አሉ።

«የሕዝቡ ተወካይ እርስዎ ነዎት፤ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልን።»

ተቀበለችና ጠጣች። ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ።

ድንኳኑ ሲነቀል ውሃውም አብሮ ሄደ። በማግስቱ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ቦኖውን ቢከፍቱት ጩሉሉ ብሎ አየር ተነፈሰና ጸጥ አለ። አማቷ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ የጠጣሽው ውሃ የት ገባ?»

«አይዞዎት እማዬ፣ ግፊቱን እያስተካከሉ ነው አሉኝ።»

«የምን ግፊት?»

«እኔ እንጃ። እንደዚያ ነው ያሉኝ።»

እውነትም እንደዚያ ነበር ያሏት፤ እሷም አምና ነበር። ወደ ሚኒስቴሩ በደወለች ቁጥር አንድ ለስላሳ ድምፅ «ግፊት» ይላታል፣ «ሙከራ» ይላታል፣ «በቅርብ ቀን» ይላታል። እሷም ያንኑ ለአማቷ ታደርሳለች። አማቷ ውለው አድረው መደወሉን ተዉት። ይህ ከስድብ በላይ ቆረቆራት።

እረፍት ላይ ቤቷ በመጣችበት አንድ ቅዳሜ፣ ዳቦ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ዱቄት እየነፋች ነበር። ባሏ ከደንበኛ ጋር ሲያወጋ ይሰማታል። ስለ ውሃ እጦት ያማርራል፤ ሊጥ የሚያቦካው በግዢ ውሃ ነው። ደንበኛው ሳቅ አለ።

«የላይኛው ሠፈሩንማ ውሃ እኔን ጠይቀኝ» አለ።

«እንዴት?»

«ቦቴ ሹፌር አይደለሁ? ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አቁም አሉኝ። አቆምኩ። የውሃ ጎማውን መሬት ለመሬት ስበው ከቧንቧው ጋር አገናኙት። 'ክፈት ስንልህ ክፈት፣ ጭብጨባው ሲያልቅ ንቀልና ሂድ' አሉኝ። ለሙከራ መስሎኝ! የጉድጓዱ ሞተር እኮ መብራት አልገባለትም። ሽቦው ከታች ነው የቀረው።»

መምህርቷ ወንፊቱን እንደያዘች ወጣች። ክንዷ እስከ ክርኑ ነጭ ነው። ሹፌሩ አወቃት፤ ዳቦውን ጥሎ ብድግ አለ።

«እኔ ስጠጣ ታየኝ ነበር?» አለችው።

«የለም እትዬ፣ ከአጥሩ ወዲያ ነበርኩ። ጭብጨባውን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ያን ከሰዓት ከባሏ ጋር ዳገቱን ወጥተው ጉድጓዱን አዩት። ትንሽዬ ቤት፣ ቁልፉ የዛገ። ከደጃፉ የመብራት ምሰሶ ቆሟል፤ ሽቦ የሚባል ነገር የለበትም። ባሏ ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

የተናደደችው በውሃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንደሌላው ጊዜ ያልፍ ነበር። ያቃጠላት ግን ሌላ ነው። በጉሮሮዋ ነው የተጠቀሙበት። አማቷ ያለቀሱበትን ቧንቧ፣ የሴቶቹን እልልታ፣ የእሷን የጨፈነ ዓይን፣ ሁሉንም ሰብስበው ለካሜራ ዳረጉት። ከዚያ ደግሞ ያንን ሁሉ ሰሞን በገዛ አፏ ለገዛ ቤተሰቧ ስትዋሽ ከርማለች፤ ሳታውቀው። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳት።

የሚኒስትሩ ሪፖርት የቀረበ ዕለት ጥያቄዋ እንደተለመደው ተስተካክሎ፣ በሚያምር ወረቀት ታትሞ ተሰጣት። «በወረዳው የተገኘውን ስኬት ወደ ሌሎች ወረዳዎች ለማስፋት…» ይላል። ሚኒስትሩ ንጹሕ ውሃ ያገኙ አካባቢዎችን ሲዘረዝሩ ላይኛው ሠፈርንም ጠሩ። ተራዋ ደርሶ ማይክሮፎኗ ሲበራ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ጥያቄ የእኔ አይደለም። የእኔ አጭር ነው። የላይኛው ሠፈር ቦኖ ዛሬ ጠዋት ውሃ ነበረው ወይስ አልነበረውም?»

ሚኒስትሩ ፈገግ ብለው ተነሱ። መንግሥት ለዘርፉ ስለሰጠው ልዩ ትኩረት ተናገሩ። ስለ አቅም ግንባታ ተናገሩ። ስለ ባለድርሻ አካላት፣ ስለ ቅንጅታዊ አሠራር፣ ስለ ሕብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት ተናገሩ። ንግግራቸው እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ላይኛው ሠፈርን ያረሰረሰ ጠብታ ግን አልነበረበትም። ሲቀመጡ ተጨበጨበ።

«ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ» አለች።

አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን አይተው ፈቀዱላት።

«ክቡር ሚኒስትር፣ መጀመሪያ የጠየቅኩዎትን ጥያቄ ቢደግሙልኝ።»

ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሚኒስትሩ ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ባይጠፋም ቦታውን ለቀቀ።

«የተከበሩ መምህርት፣ እኔ ተማሪዎ አይደለሁም።»

«ተማሪዬ ቢሆኑማ እስካሁን አላውቀውም ብለው በተቀመጡ ነበር።»

አሁን ሳቁ ከፊትም ከኋላም መጣ። ሚኒስትሩ ለረዳታቸው በዓይን ምልክት ሰጡ። ያን ጊዜ ነው ትልቁ ስክሪን ላይ የእሷ ፎቶ ብቅ ያለው፤ ብርጭቆውን አፏ ላይ ደፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ይህ ምክር ቤት ይፍረድ» አሉ ሚኒስትሩ። «ውሃ የለም የሚሉን ሴት እኚህ ናቸው። ይመልከቷቸው፤ ጣፍጧቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል! ጠጥተው የጠገቡት እርሳቸው፣ የለም የሚሉትም እርሳቸው!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ሹፌሩ ከአጥር ጀርባ የሰማው ጭብጨባ እንዲህ ያለ መሆን አለበት ብላ አሰበች። ሳይፈቀድላት ተነሳች።

«አዎ፣ እኔው ነኝ! ጠጥቻለሁ!» አለች። «የጠጣሁት ውሃ ከየት መጣ? እሱን ይንገሩኝ! ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ከቆመ ቦቴ ነው የመጣው! ጭብጨባው ሲያልቅ…»

የማይክሮፎኑ መብራት ጠፋ።

«የተከበሩ አባል፣ ሰዓትዎ አልቋል» አሉ አፈ ጉባኤው።

የማይክሮፎኑን ቁልፍ የያዙት ሰዎች አንድ ነገር ዘንግተዋል። ይህች ሴት ዕድሜዋን በሙሉ ያስተማረችው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ዝናብ እየደበደበው ነው። እንደዚያ ያለ ጉሮሮ ማይክሮፎን አይፈልግም።

«ጉድጓዱ መብራት የለውም! ምሰሶው ቆሟል፣ ሽቦ የለበትም! እናቶቻችን ዛሬም ዳገቱን እየወጡ ነው! እኔን አጠጥታችሁ ሕዝቡን አስጠማችሁ፣ ከዚያም ፎቶዬን ማስረጃ አደረጋችሁት! አታፍሩም?»

አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን ደጋግመው መቱ። ጉባኤውን በቀጥታ ያስተላልፍ የነበረው የቴሌቪዥን ሥርጭት ወደ ሙዚቃ ዞረ። ሽማግሌው ጠበቃ መነጽራቸውን አደረጉ።

«የምትዪውን በዓይንሽ አይተሻል?» አሏት ቀስ ብለው።

«ይምጡና ይዩ፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ወደ ምክር ቤቱ የመንግሥት ተጠሪ ቢሮ ተጠራች። ተጠሪው ዕድሜው የተማሪዎቿ ነው፤ በአክብሮት ተቀብሎ ሻይ አስመጣላት።

«ይቅርታ ይጠይቁ፣ መምህርት። ስሜታዊ ሆኜ ነው ይበሉ፤ ነገሩ ያልቃል።»

«ስሜታዊማ ሆኛለሁ። አልዋሸሁም እንጂ።»

«ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ነገር አያዙም። ተፈጽሞ ከሆነም የበታቾች ሥራ ነው። እርሳቸውም ተታልለዋል።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ይሁን። ተታልለው ከሆነ ከእኔ እኩል መናደድ አልነበረባቸውም? አታለሉኝ ብዬ የጮኽኩት እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ግን ፎቶ ነው ያወጡት።»

ልጁ ሻዩን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ስለ ቦቴው ማን ነው የነገረዎት?»

«ቧንቧው» አለችና ተነሳች። ሻዩን አልነካችውም።

ሽማግሌው ጠበቃ ግን ነገሩን አልተዉትም። ቋሚ ኮሚቴው ላይኛው ሠፈርን ሄዶ እንዲያይ ጠየቁ፤ የሚከለክል ሰበብ ስላልተገኘ ተፈቀደ። የሚሄዱበት ቀን ለሚኒስቴሩ በደብዳቤ ተገለጸ፤ ደንቡ ነው። መምህርቷ ይህን ስትሰማ ለአማቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ቦቴው ተመልሶ ይመጣል።»

«ይምጣ» አሉ አማቷ። ድምፃቸው ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ ልትለየው አልቻለችም።

በቀጠሮው ዕለት ማለዳ ቦቴው ዳገቱን እያጓራ ሲወጣ የላይኛው ሠፈር ሴቶች መንገዱ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት፣ በርሜል፣ የቤታቸውን ዕቃ አንድም አላስቀሩ። የወረዳው የውሃ ኃላፊ ከፊት መኪና ወርዶ ጮኸ።

«ምንድን ነው ይሄ? መንገድ ልቀቁ!»

አማቷ ከመሃል ተቀምጠው ነበር፤ ጉልበታቸው ስለማያስነሳቸው አልተነሱም።

«ውሃ መጣ ሲሉን ልንቀዳ ነዋ፣ ልጄ።»

«ይሄ ለእናንተ የመጣ አይደለም!»

«ታዲያ ለማን ነው?»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ያው ሹፌር ነበር። ወረደ፣ ዙሪያውን አየ፣ «መንገድ ተዘግቷል እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ?» አለና የቦቴውን መክፈቻ ከፍቶ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ሴቶቹ ተራ ይዘው ቀዱ። ያን ቀን ላይኛው ሠፈር ዳገት ሳይወጣ ውሃ አገኘ፤ ልብስ ታጠበ፣ ሕፃናት ታጠቡ፣ ሳቁ ከታች ወንዙ ድረስ ይሰማ ነበር።

ኮሚቴው ሲደርስ ቦቴው ባዶ ነው። ሽማግሌው ጠበቃ ኮታቸውን አውልቀው ለመምህርቷ ሰጡና ቦኖውን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። ቧንቧው አንዴ አቃሰተ፤ መዳፋቸው ላይ የዝገት ብናኝ ተፋ። ከዚያ ምንም። ዘግተው እንደገና ከፈቱት። ምንም።

«የቴክኒክ ብልሽት ነው፤ ትናንት ነው የገጠመን» አለ የወረዳው ኃላፊ።

ጠበቃው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ምሰሶው ሥር ቆመው አንጋጠጡ።

«ሽቦው የታል?»

«በሂደት ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበለኝ!» አሉ። እንዲህ ሲጮኹ የሰማቸው ሰው አልነበረም። «ሪፖርቱን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ! እጄን አውጥቼ! ሽማግሌ ሰው ላይ ነው እንዲህ የምትቀልዱት?» ጆሯቸው ቀልቶ፣ ምሰሶውን በከዘራቸው መቱት። መምህርቷ ኮታቸውን ታቅፋ ቆማ፣ ደስ ሊላት ሲገባ አላላትም። ሰው እንዲናደድ የግድ በራሱ ላይ መድረስ አለበት እንዴ፣ ብላ ነው ያሰበችው። የሴቶቹ ጉልበት አልበቃም ነበር?

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። የኮሚቴው ሪፖርት ተነበበ፤ «ክፍተት ታይቷል» የሚል ቃል ተመረጠለት። ሚኒስትሩ አልተሻሩም። ወደ መንገድ ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ ሲዛወሩም አበባ ተሰጣቸው። መምህርቷ የምክር ቤቱን ክብር በመንካቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከቋሚ ኮሚቴውም ተነሳች። የወረዳው ኃላፊ በሕመም ፈቃድ ጠፍቶ ከረመና ሌላ ወረዳ ላይ ብቅ አለ። ከሥራ የተባረረው ሹፌሩ ብቻ ነው። «የመንግሥትን ንብረት ላልተፈቀደ ዓላማ በማዋል» ተባለ። ውሃን ለተጠሙ ሰዎች ማጠጣት ማለታቸው ነው።

ሽቦው ግን ተዘረጋ። ጥብጣብ ሳይቆረጥ፣ ካሜራ ሳይመጣ፣ ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጥተው አገናኝተውት ሄዱ። አሁን ላይኛው ሠፈር አንዳንድ ቀን ውሃ አለው፣ አንዳንድ ቀን የለውም። አማቷ ሲጠየቁ «ቀጭን ነው፣ ግን ይመጣል» ይላሉ።

በቀጣዩ ምርጫ መምህርቷን ያስታወሳት የለም። ቦታዋን ለሌላ ሴት ሰጡት፤ ያቺኛዋ በእርግጥ ዝምተኛ ናት ይባላል። መምህርቷ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ሹፌሩን ዳቦ ጋጋሪው ቀጥሮት፣ በባልና ሚስቱ አሮጌ መኪና ዳቦ ያከፋፍላል። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ግን የእሱ ሥራ ቦቴ መንዳት ነበር፤ ያንንም ሥራውን ይወድ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ የቀድሞው የውሃ ሚኒስትር ስለ አዲስ መንገድ ሲናገሩ ተሰሙ። ልዩ ትኩረት አሉ። ባለድርሻ አካላት አሉ። መምህርቷ ዱቄቱን ትታ ቆመች፤ አንገቷ ሥር ያለው ደም ሥር ተገተረ።

ባሏ አያት። «አንቺ ሴት፣ እስከ መቼ ነው? ንዴትሽ አይበርድም? ውሃውም መጣ፣ ሁሉም አለፈ።»

«ማን ላይ ነው ያለፈው?» አለችው። በመስኮት፣ ውጭ ሣጥን ወደ መኪናው የሚጭነውን ሹፌር በአገጯ አሳየችው። «የእሱ ሥራ ተመለሰለት?»

ዳቦ ጋጋሪው ወጣና ሣጥኑን በአንድ በኩል ያዘለት።